ኤልኤልሲ አለኝ፣ ሴልስ ታክስም መመዝገብ አለብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። እስካሁን ከቤቴ ሆኜ በትእዛዝ በርበሬ፣ ሽሮና የሐበሻ ቀሚስ ስሸጥ ነበር፣ አሁን ትንሽዬ ሱቅ ተከራይቼ እንጀራም ከጋጋሪዎች እየተረከብኩ ልሸጥ ነው፣ ጀበና ሲኒ እጣን ምናምንም ይኖረኛል። ጓደኛዬ ኤልኤልሲ ካወጣሽ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም ትለኛለች፣ ባሏ ደሞ ሴልስ ታክስ ሳትመዘገቢ በሩን እንዳትከፍቺ ይላል። አንድ ሰው በ400 ዶላር ላስመዝግብሽ ብሎኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ የጓደኛሽን ባል ስሚ፣ 400 ዶላርሽን ግን ለማንም አትስጪ። ኤልኤልሲ ማለት ድርጅትሽ በስቴቱ መዝገብ ላይ አለ ማለት ብቻ ነው፣ ሴልስ ታክስን፣ ማለትም ደንበኛ ዕቃ ሲገዛ የሚከፍለውን የሽያጭ ታክስ፣ የሚሰበስበው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ኮምፕትሮለር የሚባለው፣ እዛ ለብቻሽ መመዝገብ አለብሽ። ምዝገባው ነፃ ነው፣ ሜሪላንድ ታክስ ኮኔክት በሚባለው የኮምፕትሮለሩ ሳይት ኦንላይን ይሞላል። ከዛ በፊት ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ኢአይኤን የሚባለውን የድርጅት የታክስ ቁጥር አውጪ፣ እሱም ነፃ ነው፣ ሶሻል ካለሽ ኦንላይን ሞልተሽ እዛው ወዲያው ቁጥሩን ታገኛለሽ። ጎግል ላይ ስትፈልጊ የመንግሥት የሚመስሉ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ሳይቶች ይመጡልሻል፣ አድራሻው ዶት ጎቭ ብሎ ካላለቀ ዝጊው። ዕቃ ገዝተሽ የምትሸጪ ስለሆነ ደሞ ትሬደርስ ላይሰንስ የሚባለው የነጋዴ ፈቃድ አለ፣ እሱ ከካውንቲሽ ሰርኪት ኮርት ክለርክ ነው የሚወጣው፣ ይሄኛው ክፍያ አለው።

ፎርሙ ላይ የመጀመሪያ ሽያጭሽ መቼ ነበር የሚል ጥያቄ ታገኛለሽ። እዚ ጋር ነው አንቺ ቆም ማለት ያለብሽ፣ ምክንያቱም ከቤት ስትሸጪ የነበረው ቀሚስም ታክስ ነበረበት። ዝም ብለሽ የሱቁን መክፈቻ ቀን ከመጻፍሽ በፊት አንድ አካውንታንት አማክሪ፣ ሳይደርሱብሽ ራስሽ ሄደሽ የምታስተካክዪበት ፕሮግራም ኮምፕትሮለሩ ጋር አለ። ገንዘብ የምትከፍዪ ከሆነ ለዚህ ክፈዪ እንጂ ስምና አድራሻ ለሚሞላልሽ ሰው አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው። የሜሪላንድ ሴልስ ታክስ 6 ፐርሰንት ነው። የሐበሻ ቀሚሱ፣ ጀበናው፣ ሲኒው፣ እጣኑ ሁሉም ታክስ አለባቸው፣ 150 ዶላር የምትሸጪውን ቀሚስ ደንበኛዋ 159 ትከፍላለች ማለት ነው። ሰው ወስዶ ቤቱ የሚበላው የግሮሰሪ ምግብ ግን፣ እንጀራ በፓኬት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ያልተፈላ ቡና፣ እንዳንቺ ያለ የግሮሰሪ ሱቅ ሲሸጠው ታክስ የለውም። ኮካና ከረሜላ ምግብ ተብለው ስለማይቆጠሩ ይታከሳሉ። ጥግ ላይ ረከቦት ዘርግተሽ ቡና አፍልተሽ ከሸጥሽ እሱም ይታከሳል፣ ያው ፍሬ ቡናው ነፃ ሆኖ የተፈላው ቡና ታክስ አለው። ካሽ ሬጂስተርሽ ላይ ዕቃዎቹን ከመጀመሪያው ቀን ለይተሽ አስገቢ፣ በኋላ ከደረሰኝ ላይ መልቀም ያሳብዳል።

አንዳንዱ ደንበኛ ደሞ ካሽ ልስጥሽ ታክሱን ተዪው ይላል፣ የኛ ሰው ያውቅበታል። ካሽም ሆነ ዜል ታክሱ ያው ነው፣ ካልተቀበልሽው ከኪስሽ ትከፍዪዋለሽ። አዲስ አበባ ሱቅ የነበራችሁ ደሞ እንደ 15 ፐርሰንቱ ቫት ዕቃ ስንገዛ የከፈልነውን እናቀናንሳለን ብላችሁ ታስባላችሁ፣ እዚ እንደዛ አይሠራም። ለመሸጥ የምትገዢውን ዕቃ ለአከፋፋዩ ሪሴል ሰርተፊኬት፣ ዕቃው መልሶ ለመሸጥ ነው የሚል ወረቀት፣ ሰጥተሽ መጀመሪያውኑ ያለ ታክስ ነው የምትገዢው፣ እሱን ለመስጠት ደሞ የምዝገባ ቁጥርሽ ያስፈልጋል። ለራስሽ ቤት ለምትወስጂው ዕቃ ግን እንዳትጠቀሚበት።

ሰው የሚጎዳው ምዝገባው ላይ ሳይሆን ከዛ በኋላ ነው። የሰበሰብሽው ታክስ ዳኛ እጅ ላይ እንዳለ የእቁብ ብር ነው፣ አንቺ ጋር ስለተቀመጠ ያንቺ አይሆንም። ኪራይ ሲጠብ ከሱ ትንሽ ልውሰድና እተካለሁ የሚባለው ነገር ብዙ ሱቅ ያዘጋል፣ ኤልኤልሲውም አያድንሽም ምክንያቱም ሜሪላንድ ላይ የሴልስ ታክስ ዕዳ እስከ ባለቤቱ የግል ንብረት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ሌላ የባንክ አካውንት ክፈቺና በየሳምንቱ ታክሱን እዛ አዙሪው። ሪተርኑ፣ የሽያጭሽና የታክሱ ሪፖርት ማለት ነው፣ ወሩ ካለቀ በኋላ ባለው ወር እስከ 20ኛው ቀን ፋይል ይደረጋል፣ ሽያጭሽ ትንሽ ከሆነ በየሦስት ወሩ ሊያደርጉልሽ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ኦንላይን ነጠላና ጋቢ እሸጣለሁ፣ ግማሹን በኤትሲ ግማሹን በኢንስታግራም። ለሁሉም ስቴት ልመዝገብ?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ተረጋጋ። ኤትሲ የኦንላይን ገበያ ስለሆነ እዛ የሚሸጠውን ታክሱን ኤትሲ ራሱ ሰብስቦ ይከፍልልሃል። በኢንስታግራም ለቨርጂኒያ ሰው የምትሸጠው ግን ያንተ ኃላፊነት ነው፣ ቨርጂኒያ ታክስ ጋር ተመዝገብ፣ አንተ ሰፈር 6 ፐርሰንት ነው። (እንጀራ ብትሸጥ ኖሮ 1 ፐርሰንት ብቻ ነበር፣ ወንዙን ተሻግረህ ሜሪላንድ ደሞ ዜሮ።) ሌላ ስቴት ያሉ ደንበኞችህን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ዌይፌር በሚባለው የኦንላይን ሻጭ ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ስቴቶች ሱቅ የሌለውንም ሻጭ ማስከፈል ይችላሉ፣ ግን ጣሪያ አላቸው፣ እሱ ላይ እስክትደርስ አይመለከትህም። ሜሪላንድ በዓመት 100,000 ዶላር ወይም 200 ሽያጭ ነው፣ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ 500,000 ዶላር ነው። ጋቢ አነስተኛ ዋጋ ስላለው እንደ ሜሪላንድ ሽያጭ በሚቆጥር ስቴት አንተን ቀድሞ የሚነካህ የሽያጩ ቁጥር ነው፣ እሱን ቁጠር። በየክረምቱ ከተማ በሚቀያይረው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌስቲቫል ላይ ድንኳን ከተከልክ ግን ሌላ ነው፣ እዛው ቆመህ ስለምትሸጥ ጣሪያውን አትጠብቅ፣ ከመሄድህ በፊት የዛን ስቴት ጊዜያዊ ፈቃድ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የነበረችኝን ሱቅ ዘግቻለሁ፣ ምንም ሳልሸጥ ታክስ አለብህ የሚል ደብዳቤ መጣብኝ። ከየት አመጡት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሱቁን ዘጉ እንጂ የታክስ አካውንቱን አልዘጉም። አካውንቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ዜሮ ቢሆንም ፋይል ይጠበቃል፣ ካልመጣ ስቴቱ በግምት አስልቶ ይልካል። ያልገቡትን ወራት በዜሮ ሞልተው ይላኩ፣ ደብዳቤው ላይ ያለው የመልስ ቀን ሳያልፍ፣ ከዛ የመጨረሻውን የሽያጭ ቀን ጽፈው አካውንቱን ያዘጉት።