ስለ ማረጥና ስለ ሆርሞን ምትክ ሕክምና የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 51 ነው። የወር አበባዬ ከቀረ 14 ወር ሆኖኛል። ሌሊት ድንገት ሙቀት ይወረኝና በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ፤ ቤተሰቦቼ ምች ነው ይሉኛል። ሆርሞን ብወስድ የጡት ካንሰር ያመጣብኛል?

መልስ፦ የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ካልታየ ማረጥ ይባላል፤ የገለጹት ሙቀትም ኤስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ሲቀንስ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ስለሚታወክ የሚመጣ ነው እንጂ ምች አይደለም። ብዙ እናቶች ይህን ለዓመታት በዝምታ መሸከማቸው ያሳዝነኛል።

የካንሰሩ ስጋት በአብዛኛው የመጣው አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች ከተሳተፉበትና በሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ. ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ ከተቋረጠ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (እንደ ፕሮጄስትሮን ሆርሞን የሚሠራ መድኃኒት) አጣምረው ከወሰዱት ከየ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 38ቱ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከየ10,000 30ዎቹ የጡት ካንሰር ይዟቸው ነበር። ልዩነቱ 8 ነው፤ ሕክምናው በረዘመ ቁጥር ስለሚያድግም መናቅ የለበትም። ይሁንና የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ስለነበር፣ ያ ውጤት ገና በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለምትገኝ፣ በሙቀትና በእንቅልፍ እጦት ለምትሠቃይ ሴት እንዳለ ሊጠቀስ አይገባም። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ የሚከለክል ሕመም ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን አምናለሁ። እርስዎም ሐኪም ቢያማክሩ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ማሕፀኔ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ሁለቱንም ሆርሞን መውሰድ አለብኝ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ኤስትሮጅን ብቻውን ይበቃል። ፕሮጄስትሮን የሚታከለው ኤስትሮጅን የማሕፀንን ውስጠኛ ግድግዳ አወፍሮ ካንሰር እንዳያስከትል ነውና።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የምትኖር እህቴ እርሷ የምትጠቀምበትን፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ኤስትሮጅን ልትልክልኝ ነው። ልጀምረው?

መልስ፦ እባክዎ ሳይመረመሩ አይጀምሩ። በቆዳ የሚሰጠው ኤስትሮጅን እንደሚዋጠው በቅድሚያ በጉበት ስለማያልፍ ደም የማርጋት አደጋው ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለእህትዎ የታዘዘው ለእርስዎ ላይሆን ይችላል። ማሕፀን ካለዎት ፕሮጄስትሮን ሊታከልበት ይገባል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ኖሮብዎት እንደሆነ መጠየቅ፣ የደም ግፊትዎም መለካት አለበት። ሙቀቱ ሳይኖር ችግርዎ የብልት ድርቀትና በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ሥፍራ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ይበቃል፤ ወደ ደም የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። አጥንቷ እንዳይሳሳ አሁን ሆርሞን ብትጀምርስ?

መልስ፦ ሆርሞኑ አጥንትን እንደሚጠብቅ የታወቀ ቢሆንም፣ በዚህ ዕድሜ አዲስ መጀመር የስትሮክንና የደም መርጋትን አደጋ ስለሚጨምር አልመክርም። ለአጥንት መሳሳት ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ጥያቄ፦ ካረጥሁ 6 ዓመት አልፎኝ ሳለ ባለፈው ሳምንት ደም አየሁ። ሆርሞን ወስጄ አላውቅም። የወር አበባዬ ተመልሶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ እንደ ወር አበባ የሚታይ አይደለም። ብዙ ጊዜ መንሥኤው ቀላል ሆኖ ቢገኝም የማሕፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ደሙ ቢቆምም እንኳ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ማሕፀን ሐኪም ይሂዱ። በአልትራሳውንድ የማሕፀን ግድግዳ ውፍረት ይታያል፤ ካስፈለገም ናሙና ይወሰዳል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ሆርሞን ቢሰጥዎ አይውሰዱ።