እንቁላል አልወጣ ያላት ዶሮ፦ እባክሽ ሆዷን አትጫኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ዶሮሽ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንቁላል መጣያ ሳጥኗ ውስጥ ገባ ወጣ ትላለች። ጭራዋን ጥላ ታምጣለች፣ እንቁላል ግን የለም። «ሆዷን ተጭኜ ላውጣው ወይ?» ብለሻል። መልሴ አጭር ነው፤ አትጫኚ። የቀረውን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ።

እኔ የመጀመሪያዋን እንዲህ የሆነችብኝን ዶሮ ያጣሁት በዚሁ ነው። እየረዳኋት መስሎኝ ሆዷን ተጫንኩ። እንቁላሉ ውስጧ ተሰበረ። የተሰበረ ቅርፊት ስለት ነው፣ የእንቁላል መውረጃዋን ይቆርጠዋል። የፈሰሰው አስኳልም ቁስሉን ያመረቅዘዋል። በሦስተኛው ቀን ሞተች። እስካሁን ይቆጨኛል።

በቅድሚያ ነገሩ በእርግጥ እንቁላል መሆኑን እንይ። አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ቅርፊቱ የሚሠራበት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሳትጥል መዋሏ ብቻውን በሽታ አይደለም። መታቀፍ ያማራት ዶሮም ሳጥኑን አትለቅም፤ እሷ ግን ስትነኪያት ትቆጣለች እንጂ አታምጥም። እንቁላል የያዛት ዶሮ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትቆማለች። አንዳንዴ እንደ ፔንግዊን ቀጥ ትላለች። እንቁላሉ ነርቭ ከተጫነ እግሯም ያነክሳል።

ለማረጋገጥ ጓንት አድርጊና ጣትሽን ቫዝሊን ቀቢ። በመውጫዋ በኩል ቀጥ አድርገሽ፣ በጣም በቀስታ አስገቢ። እንቁላሉ ቅርብ ከሆነ አምስት ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ጠንካራ ነገር ይነካሻል። ምንም ካልነካሽና ሆዷ ውሃ እንደሞላ ፊኛ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሳትዘገዪ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪያት። ለስላሳ ሽፋን ከነካሽ ደግሞ ቅርፊቱ ያልጠነከረ እንቁላል ሊሆን ይችላል። ሰው ለስላሳው ይቀላል ብሎ ያስባል። እንዲያውም ይብሳል፤ ጡንቻዋ የምትገፋበት ጠንካራ ነገር አታገኝም።

አሁን ወደ ሥራው። ሳፋ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጊ፣ 40 ዲግሪ ገደማ። የዶሮ ሰውነት ራሱ 41 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለብ ያለ ውሃ ለሷ ቀዝቃዛ ነው። ውሃው ሆዷን እስኪሸፍን ድረስ አስቀምጫትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆያት። ሲቀዘቅዝ ሙቅ ጨምሪበት። በሁለት እጅሽ ክንፏን ያዝ አድርገሽ በለሆሳስ አናግሪያት። ብዙዎቹ መጀመሪያ ይንፈራገጡና ከዚያ ዓይናቸውን ከደን ያደርጋሉ። አልረጋ ካለች ግን አውጪያት፤ ድንጋጤው ራሱ ይጎዳታል።

ከውሃው ስትወጣ ሳትደርቅ አትተያት። በፎጣ፣ ከተቻለም በፀጉር ማድረቂያ አድርቂያት። እርጥብ ሆና ከበረዳት የደከምሽበት ሁሉ ከንቱ ነው። መውጫዋን ቫዝሊን ቀብተሽ ጨለም ያለ፣ ሞቃትና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጫት። ውሃ አጠገቧ ይኑር። ከዚያ ሂጂ። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ነበር፤ በየአምስት ደቂቃው እየሄድኩ ሳያት እሷ ማማጧን ታቆም ነበር።

ካልሲየም መስጠትንም አትርሺ። ጥቅሙ ለቅርፊት ብቻ አይደለም። ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይኮማተርም፤ አንድ ቅርፊት ደግሞ ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም ይወስድባታል። የካልሲየም ኪኒን ፈጭተሽ በምትወደው ነገር ለውሺላት። ፈሳሽ ከሆነ በአፏ ውስጥ በኃይል አትርጪ፣ በመንቆሯ ጎን ጠብታ በጠብታ ስጪያት። ወደ ሳንባዋ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

መታጠቡን ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ድገሚው። ያንቺዋ ግን ከትናንት ጀምሮ ስለሆነች ብዙ ጊዜ የለሽም። ካልተረዳች በ24 እና 48 ሰዓት መካከል ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ካልሠራ፣ ወይም እያለከለከች መቆም ካቃታት፣ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ሐኪሙ ካልሲየም በመርፌ ሊሰጣት ይችላል። ግድ ከሆነም የእንቁላሉን ውስጥ በመርፌ መጥጦ ያወጣዋል። ይህን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው። መድኃኒት ከሰጣት ደግሞ እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቂው።

እንቁላሉ ሲወጣ ቀይ ሥጋ አብሮ ከወጣ አትደንግጪ፣ ግን ወዲያው ከሌሎቹ ለያት። ዶሮዎች ቀይ ነገር ካዩ ይነቁራሉ፤ ነቁረው ይገድሏታል። በንጹህ ለብ ያለ ውሃ አጥበሽ፣ ቫዝሊን ቀብተሽ በጣትሽ በቀስታ መልሺው። ደጋግሞ ከወጣ የሐኪም ጉዳይ ነው።

እሷ ስትድን ስለ መኖው እንነጋገራለን። ለጊዜው ይህን ያዢ፦ የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 ከመቶ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። ፍርፋሪና እህል ብቻ የምትበላ ዶሮ ያንን አታገኝም፤ ስብም ይበዛባታል፣ ስብ ደግሞ መውጫውን ያጠብባል። የተፈጨ ቅርፊት በተለየ ዕቃ አስቀምጪላቸው፣ የሚያስፈልጋት ራሷ ትለቅማለች። እንቁላል ላልጀመሩ ቄቦች ግን የጣይ መኖ አትስጪ፤ ካልሲየሙ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

አሁን ውሃውን አሙቂ። ጣትሽ ምን እንደነካና እንዴት እንደቆመች ጻፊልኝ፣ ስልኩን ከእጄ አልለይም።