ለጀማሪ መምህራን፦ ማዕረግ ከክፍል እንዳያስወጣችሁ

ውድ ልጆቼ፣

በወሎ በመምህርነትና በሱፐርቫይዘርነት አገልግዬ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ይህን የምጽፈው ከደሴና ከወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ወይም ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በቅርቡ ክፍል ለገባችሁ ሲሆን፣ የምመክራችሁም በሙያችሁ ስታድጉና ስትከበሩ ዕድገቱ ከተማሪዎቻችሁ እንዳይለያችሁ ነው።

የመምህራን የደረጃ ዕድገት ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይዘልቃል። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ሰው ጠመኔውን ሳያስቀምጥ ማደግ እንዲችል ማድረጉ ነው። በተግባር ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ይለያል፤ ጎበዝ የሒሳብ መምህር ሲገኝ ወደ ቢሮ ይዛወራል፣ ሰውየው ተከበረ ይባላል፣ ልጆቹ ግን አስተማሪያቸውን ያጣሉ። የአስተዳደር ሥራ ብቁ ሰው እንደሚያስፈልገው አምናለሁ፤ ለጥሩ አስተማሪ የሚሰጥ ብቸኛ ክብር ሲሆን ግን ሙያውን ይጎዳል።

የወሎ የቀድሞ ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዋድላ የቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁና በሥላሴ በተባሉት የቅኔ ዓይነቶች አልፎ መወድስ ይደርሳል፤ ሲበረታም ታናናሾቹን እያስነገረ ይቆያል፤ በመጨረሻ የሚመርቀውም ዕለት ዕለት ቅኔውን ሲሰማና ሲያርም የኖረው መምህሩ ነው። በየጁ ዳና እንደነበሩት ባሉ የእስልምና የትምህርት ማዕከላትም ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን (መጽሐፉን) በሸሁ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ የሚቀበለው ኢጃዛ የማስተማር ፈቃድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ማዕረጉን የሚሰጠው ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማዕረጉም ከጉባኤው የሚያርቅ ሳይሆን ይበልጥ እንድታስተምር የሚያዝዝ ነው። የመምህሩ ክብር በዝናው በተሳቡና ከሩቅ አገር በእግራቸው በመጡ ተማሪዎች ይታወቅ ነበር። ዘመናዊው የደረጃ ዕድገት ከዚህ ብዙ ሊማር ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ በየዓመቱ ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የተመደበውን 60 ሰዓት ቅጽ ሞልታችሁ ለማስፈረም ብቻ አታውሉት። ማህደረ ተግባራችሁ፣ ማለትም የሥራችሁ ማስረጃ የሚሰበሰብበት ማህደር፣ የምስክር ወረቀት ማከማቻ ብቻ ከሆነ ስለ ማስተማራችሁ ምንም አይናገርም። የ5ኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይ ሲደምሩ ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት የሚደምሩት ለምን እንደሆነ መርምሩ፤ ትምህርቱን በሌላ መንገድ አስተምራችሁ ምን እንደተለወጠ ከልጆቹ ደብተር ጋር አያይዛችሁ ጻፉ። እውነተኛ ተግባራዊ ምርምር ይህ ነው፤ ገምጋሚም አንብቦት ሊፈርድ ይችላል። የማህደሩን ቅጂ በቤታችሁ ማስቀመጥንም አትርሱ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ሲደርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም።

ክብር ደመወዝን አይተካም፤ ይህንንም በግልጽ ልነግራችሁ ይገባኛል። በ1966 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የጸደቀው፣ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያዘጋጁት የመምህራን ምክረ ሐሳብ፣ የመምህር ደረጃ ሲባል ኅብረተሰቡ ለሙያው የሚሰጠውን ግምትም፣ የሥራ ሁኔታውንና ክፍያውንም እንደሚያጠቃልል ይገልጻል። መስከረም 25 ቀን የመምህራን ቀን ሲከበር መድረክ ላይ የሚሰጥ የምስጋና ወረቀት መልካም ነው፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ያስጨነቀው መምህር ወረቀቱን ይዞ ወደዚያው ጭንቀቱ ይመለሳል። ሁለቱንም አብራችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እርስ በርሳችሁም ተከባበሩ። የባልደረባችሁን ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ፤ ያያችሁት ትምህርት ጥሩ ከሆነ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ የትኛው ጥያቄ ልጆቹን እንዳነቃቸው፣ የትኛው ምሳሌ እንዳስረዳቸው ለይታችሁ ተናገሩ። “ጎበዝ መምህር ነው” የሚል ጥቅል ምስጋና ለማንም አይጠቅምም። መሪ መምህር ለመባል ስትበቁ ደግሞ ርዕሰ መምህራችሁን 1ኛ ክፍልን እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ፊደል የሚቆጠረው እዚያ ነውና። በዚያው ክፍል አብሯችሁ የሚቀመጥ አንድ ጀማሪ መምህርም እንዲመደብላችሁ ጠይቁ።