መንገዱን የሚቆራርጠው ማነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው እትም ስለ አዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ሁሉንም ማውጣት ስለማይቻል ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ስም አላወጣም የመጣበትን ሰፈር ብቻ ነው የምጠቅሰው።

ከጀሞ፦ "ድሮ ከጀሞ ሜክሲኮ በአንድ ታክሲ ነበር የምንሄደው። አሁን ጠዋት ላይ ሳር ቤት ድረስ ብቻ ነው ይሉናል፣ እዛ ስንወርድ ያው ታክሲ ራሱ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ብሎ ይጠራል፣ ሁለት ሂሳብ ማለት ነው። ማታ ደሞ የሰልፉን ጫፍ ፍለጋ ራሱ ያደክማል። እነዚህ ሰዎች ህሊና የላቸውም እንዴ? ለምን ጠንከር አርገህ አትጽፍባቸውም?"

እህቴ ያልሽው ልክ ነው፣ ታፔላው ላይ ጀሞ ሜክሲኮ የሚል ታክሲ መሀል መንገድ አውርዶሽ ሌላ ሂሳብ መጠየቅ አይችልም፣ ይሄ አያከራክርም። ግን እኔ በሾፌሩ ህሊና ላይ ብቻ ብጽፍ ነገ ጠዋት ያው ሳር ቤት ላይ ነው የምትወርጂው፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚወሰነው ታክሲው ውስጥ አይደለም። እስኪ ሂሳቡን እንየው። አብዛኛው ሾፌር መኪናው የራሱ አይደለም፣ ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ረዳቱን ይከፍላል፣ ለተራ አስከባሪ ይሰጣል፣ ቅጣት ካለም ከዛው ነው፣ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው ቤቱ የሚገባው። ታሪፉ ደሞ የሚወጣው በኪሎሜትር ነው፣ ሰአት አይቆጥርም። መካኒሳ ላይ መንገድ ተዘግቶ ቆሞ የሚቀልጠው ጊዜ የማንም ሂሳብ ውስጥ የለም። አጭር መንገድ ደሞ በኪሎሜትር ሲመታ ከረጅሙ የተሻለ ይከፍላል፣ ስለዚህ አንዱን መንገድ ለሁለት መቁረጥ ያዋጣዋል ማለት ነው። ማታም እንደዛው ነው፣ ከሜክሲኮ ጀሞ ጢም ብሎ ሄዶ ሲመለስ የሚጭነው ሰው የለም፣ ባዶውን ይመጣል ወይ እዛው ይቀራል፣ አንቺ ሰልፍ ላይ ሆነሽ "ታክሲዎቹ የት ገቡ" የምትይው ያኔ ነው፣ የገቡት መመለሻው መንገድ ላይ ነው።

ሰው ሁሉ ጠዋት ወደ አንድ አቅጣጫ ማታ ወደ ሌላኛው ለምን ይሄዳል የሚለውን ከጠየቅን ግን ነገሩ ከታክሲ ያልፋል። ኮንዶሚኒየም በአርከበ እቁባይ የከንቲባነት ዘመን ሲጀመር የሙከራው ሰፈር ገርጂ ነበር፣ ያ መሀል ከተማ ቅርብ ነው። ከዛ በኋላ ግን ቤቱ የተሰራው ሰፊ መሬት የተገኘበት ቦታ ነው፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ከመሀል እየራቀ እየራቀ ሄደ። ቤቱ ሄደ፣ ስራው ግን አልሄደም። መስሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ መርካቶው፣ ትልልቁ ሆስፒታል፣ ሁሉም መሀል ነው የቀረው። በሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብ ቁልፍ ሲረከብ ቤቱ ርካሽ መሰለው፣ ግን በየቀኑ የሚከፍለውን የታክሲና የሰአት እዳ ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላለትም፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። እናት ልጆቿ ሳይነሱ ወጥታ ከተኙ በኋላ ትገባለች፣ ይሄ የትራንስፖርት ችግር ብቻ ተብሎ መጻፍ የለበትም፣ ቤት የት ይሰራ ብሎ የወሰነ አካል አለ፣ ያ ደሞ ፖለቲካ ነው።

ለአሁኑ ግን የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ሰአቱንና ያወረደሽን ቦታ ይዘሽ ለትራንስፖርት ቢሮ ማመልከት መብትሽ ነው፣ ብቻሽን ባትሆኚ ይመረጣል፣ አብረውሽ የሚሰለፉት አስር ሰዎች አንድ ላይ ቢያመለክቱ ቢሮው አንድ ሰው ተናዶ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ከአያት፦ "ባቡሩ ሲጀምር ደስታችን ልክ አልነበረውም። አሁን ቆመን እንጠብቃለን፣ ሲመጣም መግቢያ የለውም። ምን ሆኖ ነው?"

ቀላል ባቡሩ ስራ የጀመረው በ2008 ነው፣ በሁለት መስመር፣ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ ወጪው 475 ሚሊየን ዶላር ሆኖ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። 41 ባቡር ነበረው። ትኬቱ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ነው የጀመረው፣ በዛን ጊዜ ለድሃው ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ አሁንም ቢሆን ባቡር ያስፈልገናል ብዬ ነው የማምነው። የተበላሸው ከጥገናው ነው። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር፣ ትኬቱ የሚሸጠው በብር፣ ያውም ወጪውን በማይሸፍን ዋጋ፣ እና አንድ ባቡር ሲበላሽ ከሌላው ላይ እቃ ተፈቶ ይገባለታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከ41ዱ ብዙዎቹ ዴፖ ውስጥ ቆሙ። የሚንቀሳቀስ ባቡር ሲያንስ በአንዱና በሚቀጥለው መሀል ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ጣቢያ ላይ ሰው ይጠራቀማል፣ ለዛ ነው ሲመጣ መግቢያ የሚጠፋው። በዛ ላይ ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም አንድ ሀዲድ ነው የሚጋሩት፣ ሜክሲኮ ላይ አንዱ ቢቆም ሌላውም ይቆማል።

ሲመረቅ ሪባን የቆረጠውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። የጥገና በጀት ለአመቱ ስንት ተያዘ የሚለውን ግን የሚጠይቅ አልነበረም፣ ምክር ቤቱም በደንብ አልጠየቀም፣ እኛ ጋዜጠኞችም ምርቃቱን ዘግበን ነው የሄድነው። ለወደፊት ማንኛውም አዲስ አውቶብስ አዲስ መስመር ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ በአምስተኛው አመት መለዋወጫውን ማን ይገዛል የሚለው መሆን አለበት።

ከመገናኛ፦ "እኔ ረዳት ነኝ። ሰው ሁሉ እኛን ነው የሚሰድበው። ነዳጅ ስንት እንደገባ ማንም አያስብም። ጠዋት 11 ሰአት ወጥቼ ማታ 3 ሰአት ነው የምገባው። የኛን ነገር ለምን አትጽፍም?"

ወንድሜ ልክ ነህ ይጻፋል። ለማያውቀው ሰው፣ በ2014 መጨረሻ ላይ መንግስት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት ሲጀምር ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፣ ታህሳስ 2017 መጨረሻ ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፣ ከሶስት አመት ባነሰ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላም ጨምሯል። ለህዝብ ትራንስፖርት ብቻ የታለመ የተባለ ድጎማ ነበር፣ በቴሌብር ነበር የሚሰራው፣ ግን እሱም እየቀነሰ የሚሄድ ነበር። ዘይቱ፣ ጎማው፣ የሀያ አመት መኪና ጥገናው አለ። ይሄን ሁሉ ተሳፋሪው ቢያውቀው ጥሩ ነው፣ ንግግሩም ይለሰልሳል።

ግን አንተም አንድ ነገር ስማኝ። ዝናብ ሲጥል ሂሳብ መጨመር፣ ከመሸ ደሞ እጥፍ መጠየቅ፣ ይሄ ከነዳጅ ጋር አይገናኝም፣ ዝናቡ ነዳጅ አላስወደደም። ዝናብ ውስጥ የቆመችው ሴትዮ ጽዳት ሰራተኛ ልትሆን ትችላለች፣ ደሞዟ ካንተ ያነሰ ሊሆን ይችላል። አንተም እሷም በአንድ ታሪፍ ነው የተጎዳችሁት፣ እሷ ላይ ማካካስ የለብህም። ታሪፉ አላዋጣ ካለ ማህበራችሁ ሂሳቡን በወረቀት ሰርቶ ለቢሮ ያቅርብ፣ እኔም ያን ወረቀት ካገኘሁ እዚሁ አምድ ላይ ከነቁጥሩ አወጣዋለሁ።

ከአራት ኪሎ፣ ጡረተኛ አባት፦ "ልጄ፣ ሁሌ ማማረር ደግ አይደለም። ድሮ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስወርድ ድንጋይ ያደናቅፈኝ ነበር፣ ጨለማ ነበር። አሁን የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራት አለ፣ መቀመጫ አለ። ይሄን ለምን አትጽፍም?"

አባቴ እውነትዎን ነው፣ ይጻፋል። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከተሰራው ውስጥ እኔ ትልቁ የምለው የእግረኛውን መንገድ ነው። ብዙ ሰው አያስተውለውም እንጂ በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፣ በግል መኪና የሚሄደው ትንሹ ነው፣ ሆኖም ለብዙ አመት መንገድ ሲሰራ ሂሳቡ ለመኪና ነበር። ቀለበት መንገዱን ያስታውሱ፣ እግረኛ ለመሻገር አጥር ይዘል ነበር፣ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ውስጥ አብዛኛው እግረኛ መሆኑም ከዚህ ነው የመጣው። ስለዚህ እርስዎ ሳይደናቀፉ ፒያሳ መውረድዎ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ደስ ብሎኛል።

ማማረር ያሉት ላይ ግን ትንሽ ይታገሱኝ አባቴ። ያ መንገድ ሲሰራ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ተነስተዋል፣ ብዙዎቹ ከተማው ዳር ሄደዋል። ትናንት በእግራቸው ስራ ይደርሱ የነበሩ፣ ልጆቻቸውን በእግር ትምህርት ቤት ያደርሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ከላይ የጀሞዋ እህታችን የጻፈችው ሰልፍ ላይ ናቸው። ቆንጆው የእግረኛ መንገድ ለነሱ አልተረፈም። እኔ የምለው መንገዱ አይሰራ አይደለም፣ ሰው ሲነሳ አውቶብሱ ከሱ በፊት እዛ ይድረስ ነው፣ ቤቱን በሰጡበት ቀን የአውቶብሱ መስመር አብሮ ይጀምር፣ ሲቻል ደሞ ከነስራው በቅርብ ይሰፍር።

ከሲኤምሲ፦ "የኤሌክትሪክ ሚኒባስ እየገባ ነው፣ ሰልፉ ያልቃል?"

አያልቅም። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ በ2016 መከልከሉ ለአየሩም ለዶላሩም ይጠቅማል፣ የኤሌክትሪክ አውቶብስ ጭስ የለውም፣ ለሾፌሩም የነዳጅ ወጪው ይቀልለታል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሆነም ናፍጣ ሆነ አንድ መኪና አስፋልት ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው፣ በመጨናነቁ ውስጥ እኩል ነው የሚቆመው። ሰልፉን የሚያሳጥረው ትልቅ አውቶብስ በራሱ መስመር ማንም ሳይገባበት ሲሄድ ነው። የአውቶብስ ብቻ መስመር ተብሎ ቀለም የተቀባበት ቦታ አለ፣ የቤት መኪና ግን እየገባበት ነው፣ እሱን ማስከበር ከአዲስ መኪና ግዢ በጣም ይረክሳል።

ከሳሪስ፦ "እሺ ይሄ ሁሉ ፖለቲካ ነው ካልክ ማንን ነው የምንጠይቀው? ከንቲባዋን? ሚኒስትሩን? ወረዳውን?"

ይሄ ጥያቄ ነው ከሁሉም ያስደሰተኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ተናዶ የሚጮኸው ስልጣኑ የሌለው ሰው ላይ ነው፣ ወረዳ ሄዶ ስለ ነዳጅ ዋጋ የሚከራከር አለ። የነዳጅ ዋጋ የሚወጣው ከፌደራል ነው፣ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው የሚያሳውቀው፣ ከተማው አይወስነውም። የታክሲ ታሪፍና ታፔላ ግን የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ስራ ነው። መሬትና ቤት የት ይሰራ የሚለው የከተማው አስተዳደር፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ደሞ የከተማው ምክር ቤት ነው። አዲስ አበባ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 49 መሰረት ራሷን በራሷ ታስተዳድራለች፣ ተጠሪነቷ ግን ለፌደራል መንግስት ነው፣ ይሄ ሁለትነት ብዙ ነገር ያዘገያል፣ አንዱ ወደሌላው ሲገፋ ነዋሪው መሀል ላይ ይቀራል።

ከንቲባ ደሞ በቀጥታ አንመርጥም፣ የምንመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፣ 138 ናቸው፣ ከንቲባውን ከመሀላቸው የሚመርጡት እነሱ ናቸው። አዳነች አቤቤም በ2014 መጀመሪያ ከንቲባ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የኔ አካባቢ ተወካይ ማነው የሚለው ነው። ሳሪስ ላይ ለአስር ሰው ብትጠይቀው ስንቱ እንደሚያውቅ እኔም ማየት እፈልጋለሁ። ስሙን አግኝ፣ ቢሮው የት እንደሆነ ጠይቅ፣ በሰፈር ሆናችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፣ "ትራንስፖርት ይስተካከል" አትበሉ፣ ለዚህ መልሱ "እየሰራን ነው" ብቻ ነው። "ከዚህ ሰፈር ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰአት ስንት አውቶብስ ተመድቧል፣ ስንቱስ ይመጣል" በሉ፣ ይሄ መልሱ ቁጥር ነው። መልስ ከሰጧችሁም ካልሰጧችሁም ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው እትም ጥያቄያችሁን ከነቀኑ አወጣዋለሁ።