ለኦዲሽን ለምትዘጋጁ የድሬ ልጆች

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ «አዲስ ቲያትር ሊጠና ነው፣ ተዋናይ ይፈለጋል» ከተባለ ወሬው ከሳቢያን ተነስቶ ገንደ ቆሬ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። በማግስቱ የምታውቁኝ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፦ «ጋሼ፣ ምን ላሳያቸው?» መነባንብ ይሻላል ወይስ አስቂኝ ነገር፣ ላልቅስ ወይስ ልቆጣ። እኔ ዕድሜዬን ከአማተር ቡድኖች ጋር ያሳለፍኩት ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ መራጮቹ ከሚቀመጡበት በኩል ነው። ስለዚህ እዚያ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። ዓይኑ የሚያርፈው ዝም ያለው ላይ ነው። ሌላው ሲናገር እናንተ ምን እንደምትሆኑ ነው የሚያየው።

አንድ ጊዜ ለእናት ገጸ ባሕርይ ተዋናይ እንመርጥ ነበር። ልጅቱ ከጅቡቲ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ እናት ሳትጠብቃት በር ላይ ታገኛታለች። ብዙ ልጆች አነበቡ። አብዛኞቹ ጎበዞች ነበሩ፤ እንባ በእንባ የሆኑም ነበሩ። ነገር ግን የልጅቱ ተራ ሲሆን ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ቀጣዩን ቃላቸውን ይፈልጉ ነበር። አንዷ ስትመጣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ የምታነበውን መስመር በጣቷ ያዘችና ቀና ብላ የጓደኛዋን እጆች ማየት ጀመረች። ልጅቱ «የላክሁት ሁሉ አለቀ?» ስትላት ወዲያው አልመለሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ሰበሰበች፣ መልሳ ፈታችው፣ ከዚያ «ግቢ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» የሚለውን ቃሏን አነበበች። ቀደም ብላ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስታ ነበር፤ ድምጿም ከሌሎቹ የተሻለ አልነበረም። እኛ ግን መጻፋችንን ትተን ነበር። ሚናው የእሷ ሆነ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድረክ ላይ የወጣ ሰው ከሚናገርበት ጊዜ ዝም የሚልበት ይበልጣል። ተመልካች ደግሞ ነገሩ እውነት መሆን አለመሆኑን የሚለካው በሚሰማው ሰው ፊት ነው። የሚናገረው ምንም ያህል ቢያምር፣ አጠገቡ የቆመው ተራውን ብቻ እየጠበቀ ከሆነ ትዕይንቱ ይሞታል።

ስለዚህ ብቻችሁን መስታወት ፊት አታጥኑ። ቃልን ብቻውን ያጠና ሰው ሳያውቀው ዜማ ያበጅለታል። ከዚያ በኋላ አጋሩ በሹክሹክታ ቢናገረውም ቢጮህበትም መልሱ ያው ዜማ ነው። ጓደኛ ፈልጉ፤ እህታችሁም ትሁን። አንዱ አንድ ጊዜ በቁጣ፣ አንድ ጊዜ በልመና ያንብብ፤ ሌላው የሰማውን ይዞ ይመልስ። አዘጋጁ ኦዲሽን ላይ «እስቲ አሁን እንደፈራህ ሆነህ በለው» የሚላችሁ የመጀመሪያው ስህተት ስለሆነ አይደለም። ነገ ጥናት ላይ አብሯችሁ መሥራት ይችል እንደሆነ እየፈተነ ነው። ቀድሞ ለምን በቁጣ እንዳነበባችሁት አታስረዱት፤ ወዲያው ሞክሩት። ሙከራው ባይሳካም ሰምታችሁ መለወጣችሁን ያየዋል፤ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ያልተዘጋጃችሁበት ጽሑፍ በድንገት ከተሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ለምኑ፤ አያሳፍርም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ የሚያጠራጥራችሁን ቃል በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ያለዚያ መሐል ላይ ትደናቀፋላችሁ፣ ከዚያ ዓይናችሁ ከወረቀቱ አይነሳም።

ስለ ድምጽ ደግሞ የእኛ ከተማ የራሷ ጣጣ አላት። አዳራሾቻችን ቆርቆሮ ናቸው፤ ቬንትሌተሩ ይጮኻል፣ ውጭ ባጃጅ ያልፋል። በሙቀቱ ቬንትሌተር አጥፉ ማለት አይቻልም። ጉሮሮን በማስጨነቅ ይህን ማሸነፍ አይቻልም፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድምጻችሁ ይሰነጠቃል። ከሆድ ተንፍሱ፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አትዋጡት። ከአዳራሽ ኋላ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው የመጨረሻዎቹን ቃላት ነው። በበጋ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሲሆን ጠዋት ሄዳችሁ አንዳችሁ በዚህ ዳር፣ አንዳችሁ በዚያ ዳር ቆማችሁ ሳትጮኹ ተነጋገሩ። (ክረምት ላይ ግን ወደ ወንዙ ዝር አትበሉ። በ1998 ክረምት ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ስንቱን ሰው እንደወሰደብን ወላጆቻችሁን ጠይቁ።)

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ በሚጣፍጥ የድሬ አነጋገር የሚያወራ ልጅ ኦዲሽን ላይ ሲቆም የቴሌቪዥን ተዋናይ ድምጽ ያወጣል። አማርኛችሁ ውስጥ የኦሮምኛው፣ የሶማሊኛው፣ የሐረሪው ዜማ ካለ ይኑር። ገጸ ባሕርዩ ሌላ አነጋገር ከፈለገ አዘጋጁ ይነግራችኋል፤ እስከዚያ በራሳችሁ አፍ ተናገሩ። ቲያትርን ከሩቅ የመጣ የአዲስ አበባ ነገር አድርጋችሁም አትዩት። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በ1910ዎቹ የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኮንን ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ድምፃዊው ዓሊ ቢራም በ1950ዎቹ ገና ልጅ ሳለ የገባው እዚሁ ድሬዳዋ ወደነበረው አፍራን ቀሎ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ነው፤ «ቢራ» የሚለውን ስም እንኳ ያገኘው እዚያ መጀመሪያ ከዘፈነው ዘፈን ነው። እነዚያ ልጆች የዘፈኑት ሰፈራቸው በሚናገርበት ቋንቋ ነበር።

ጫት እየቃማችሁ በርጫ ላይ ውላችሁ ለኦዲሽን አትምጡ። ምርቃናው ራሳችሁን የተዋጣላችሁ ያስመስላችኋል፤ ጠረጴዛው ላይ ላለነው ግን የሚታየን የደረቀ አፍና የሚቻኮል ንግግር ነው። የአጋራችሁንም ቃል አትሰሙትም።

ጊዜያችሁን በሐቅ ተናገሩ። ፈተና ካላችሁ፣ ሱቅ የምትውሉ ከሆነ፣ ማታ መውጣት ካልተፈቀደላችሁ ያኔውኑ በሉት። ረመዳን ሲገባ ጥናቱ ከአፍጥር በኋላ ይዞራል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅዳሴ የሚቆሙ አሉ፤ ይህን ቀድሞ ያወቀ አዘጋጅ ያስተካክለዋል። ሁሉንም እችላለሁ ብሎ ሚና ወስዶ በሦስተኛው ሳምንት የሚጠፋ ልጅ ግን ሌሎቹን ሁሉ ሜዳ ላይ ይጥላል። ባዶ ቦታ እያናገሩ ማጥናት ምን ያህል ልብ እንደሚያደክም ያየሁት ስለሆነ ነው የምለምናችሁ።

ለሴቶች ልጆቼ በተለይ፣ ወንዶችም ስሙት። የአማተር ቲያትር ኦዲሽን በወጣት ማዕከል፣ በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ አዳራሽ ሰው እያየ የሚደረግ ነገር ነው። ብቻሽን ሆቴል ክፍል ነይ የሚል፣ በስልክ ልብስሽን አውልቀሽ ፎቶ ላኪ የሚል፣ ለመመዝገቢያ ብር የሚጠይቅ ሰው አዘጋጅ አይደለም። አትሂዱ፤ ለቤተሰብም ተናገሩ። እናቶቻችሁ ከፈሩ አንድ ቀን ጥናት ላይ ይዛችኋቸው ኑ። መጥተው ያዩ እናቶች ከዚያ በኋላ ለቡድኑ ሁሉ ሻይ በፔርሙዝ ሲልኩ አውቃለሁ።

ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ በችሎታ ማነስ ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱት። አባት ሆኖ ከተመረጠው ጋር በቁመት የማይሄድ ልጅ ይቀራል፤ ድምጻቸው የተመሳሰለ ሁለት ሴቶች ካሉ አንዷ ትቀራለች። ይህን የሚያስረዳ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ መኖር ነበረበት። እናንተ ግን ጥናቱ ሲጀመር ሂዱና ጽሑፉን ይዞ ቃል የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠይቁ። ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሁሉንም ቃል ያውቃል፣ እያንዳንዱ ተዋናይ ሲሰማና ሳይሰማ ያያል፤ አንዱ ሲታመም ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ስትጠይቁ አዘጋጁን ጠዋት አግኙት፣ ሙቀቱ ሳይበረታና ሰው ሳይከበው።