ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ቂሊንጦ አካባቢ ስለ መኖር፦ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ከደሴ የጻፉልን እህታችን ሦስት ነገር ጠይቀዋል። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲጀምሩ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት መከራየት ይሻላል ወይስ መገናኛ ካሉት ዘመዶቻቸው ዘንድ ሆኖ መመላለስ? ከማያውቁት ሰው ጋር ደባል መሆንስ እንዴት ነው? ደግሞስ ያ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤቱ የማይተዋወቅበት ነው የሚባለው እውነት ነው? እዚያው ተምሬ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንደሚኒየም በኪራይ ኖሬ፣ ዛሬም ከአካባቢው ስላልራቅሁ የማውቀውን ልጻፍ።

ቅርብ ይከራዩ ባይ ነኝ። ብዙዎች ይህንኑ ሲመክሩ የሚያነሡት የታክሲ ወጪን ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ጉዳይ ምሽቱ ነው። ግቢው ያለው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በከተማው ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መጨረሻው ቃሊቲ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሚኒባስና የአውቶቡስ ነው። ጠዋት ከመገናኛ ወደ ግቢው መውጣት ያን ያህል አያስቸግርም፤ ሕዝቡ ወደ መሐል ሲተም እርስዎ በተቃራኒው ስለሚሄዱ ወንበር ያገኛሉ። ማታ ግን ረጅሙ ሰልፍ ያለው ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ ተሳፋሪውን ዳር ያራገፈ ሾፌር ቂሊንጦ ላይ ቆሞ ሰው እስኪሞላለት አይጠብቅም፤ በሩን ዘግቶ ባዶውን ወደ ሰልፉ ይከንፋል። መንገድ ዳር ቆመው እጅዎን ቢዘረጉም ያልፍዎታል።

በዚህ ምክንያት ከከተማ የሚመላለስ ተማሪ ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ሴሚናሩ ቢረዝም ይወጣል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የጀመረው ሙከራ ሳያልቅ ለነገ ያሳድረዋል። የሚያጣው ትምህርቱን ብቻ አይደለም። አማካሪ መምህሩ ጊዜ አግኝቶ የሚያወራው፣ የትኛው ፕሮጀክት ሰው እንደሚፈልግ የሚሰማው፣ የሶፍትዌርና የመረጃ ልውውጡም የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ጊዜው ካበቃ በኋላ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ስለ ቤት የጠየቁትና ስለ ብቸኝነት የጠየቁት በእኔ አስተያየት አንድ ጥያቄ ነው፤ ጨለማውን ሳይፈራ በእግሩ ቤቱ የሚገባ ሰው ጓደኛ ለማፍራት ጊዜ አለው።

የቤቱን ዓይነት በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለ፤ ኮንደሚኒየም ወይም በግለሰብ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት። ሰርቪስ ቤት በኪራይ ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይገኝበታል፤ በአንጻሩ የአከራዩ ዓይን አይለይዎትም፤ በር የሚቆለፍበት ሰዓትም አለው፤ ላቦራቶሪ ለሚያመሽ ሰው ደግሞ ይህ ብቻውን ሰርቪስ ቤት ላለመያዝ በቂ ምክንያት ነው። ኮንደሚኒየም ነፃነት ይሰጣል፤ ዋናው ችግሩ ውሃ ነው። ውሃው በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ የሚቀርባቸው ብሎኮች ስላሉ፣ ቤቱን ሲያዩ ስለ ሴራሚኩ ከመጠየቅዎ በፊት ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ይመልከቱ፤ ከሁሉም በር ፊት ቢጫ ጀሪካን ከተሰለፈ ደላላው የሚነግርዎትን መስማት አያስፈልግም። የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ለከተማው ትልቅ የውሃ ምንጭ ሆነው ሳሉ የአቃቂ ነዋሪ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከተቻለ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ፣ ወደ አስፋልቱ የቀረበ ብሎክ ይምረጡ። አፈሩ ዋልካ ስለሆነ በክረምት ኮብልስቶን ያልደረሰበት መንገድ ጫማ ያስቀራል፤ ለብቻዋ ለምታመሽ ሴት ደግሞ መብራት ያለበትና ሰው የማይጠፋበት መንገድ ከኪራይ ቅናሽ ይበልጣል። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ በወጣበት በኮዬ ፈጬ ኮንደሚኒየም የሚሰጡዎት ዋጋ ሊያጓጓ ይችላል፤ ሆኖም ባለ ዕድሎች ቤቱን የተረከቡት ውስጡ ሳይጠናቀቅ ስለነበር፣ ሊሾው፣ በሩና የመብራት ቆጣሪው መሟላቱን በዓይንዎ ሳያዩ ቀብድ አይስጡ። ቆጣሪው የቤቱ የራሱ ነው ወይስ ከሌላ ጋር የተጋራ ነው ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም።

ውልን በሚመለከት ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከዚህ የተመቸ ልክ የለም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚወስነው መጠን ነው። በተግባር ግን «የስድስት ወር በአንዴ፣ ያለ ውል» የሚል አከራይ ይገጥምዎታል። መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ቤት ሞልቷል፣ ወደ ሌላው ይሂዱ። አካባቢው ከሸገር ከተማ ጋር የሚዋሰን ስለሆነና በሸገርም ኮዬ ፈጬ የሚባል ክፍለ ከተማ ስላለ፣ ውሉ የትኛው አስተዳደር ዘንድ እንደሚመዘገብ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስለ ደባል። ደባል ይያዙ፤ ነገር ግን በጠባይ ብቻ ሳይሆን በሰዓት የሚስማማዎትን። በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማር ሰው ከቅዳሜና እሁድ ተማሪ ጋር ሲኖር ሁለቱም ይጎዳሉ፤ አንደኛዋ ሳምንቱን ሙሉ ሠርታ እሁድ ማታ ለፈተና ስትቀመጥ ሌላዋ እንግዳ ጠርታ ቡና ታፈላለች። ወጥ ቤቱ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። የማውቃቸው ሁለት ልጆች፣ አንደኛዋ ጿሚ ሌላዋ ሙስሊም፣ ድስታቸውን ለይተው የጾሙ ድስት እጀታ ላይ ቀይ ክር አስረውበት ነበር፤ ምጣዱና የመብራት ካርዱ የጋራ፣ ድስቱ የየራስ። ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ አንድ ቀን እንኳ ሲጣሉ አልሰማሁም። የሚጣሉት ባብዛኛው «እኛ እኮ እንግባባለን» ብለው ምንም ሳይነጋገሩ የገቡት ናቸው።

ጎረቤት አይተዋወቅም የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። በሳምንቱ የሥራ ቀናት ብሎኩ ጭር ይላል፤ ነዋሪው ማለዳ ወጥቶ ማታ ይመለሳል፤ ተከራዩም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ስሙን ለማጥናት የሚደክም የለም። በር ተንኳኩቶ «ነይ ቡና ጠጪ» እንዲባሉ ከጠበቁ ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ። ይሁን እንጂ ተከራይ ወደ ማኅበረሰቡ የሚገባባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው ልቅሶ ነው፤ ብሎኩ ውስጥ ሐዘን ሲኖር ሄዶ ትንሽ መቀመጥ በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ሰላምታ የማይሰጥዎት የለም።

ሁለተኛው ቅርጫ ነው። በዓል ሲደርስ አገራቸው መሄድ ያልቻሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ከብሎኩ ነዋሪ ጋር አንድ መደብ ይገባሉ። በሬው ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት) አጠገብ ይታረዳል፤ ሥጋው ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል፣ አባወራዎቹ «ይኼ ሽንጥ አንሶታል» እያሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ይረፍድና በመጨረሻ ዕጣ ይወጣል። የተማሪዎቹ ችግር ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ፍሪጅ የላቸውም። ስለዚህ ሥጋው ከጎረቤት ፍሪጅ ይቀመጣል፤ በየቀኑ ሊወስዱ ሲሄዱ ደግሞ «ቁጭ በሉ» መባሉ አይቀርም። የሁለተኛ ዓመት ኪራዬን ያለ ደላላ ያገኘሁት እንዲህ ባለ አጋጣሚ፣ ሥጋችንን ባስቀመጡልን እናት በኩል ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ በስም አውቀው ቢቆዩ ለቤት ፍለጋም ለብዙ ነገርም ይጠቅማል።

በመጨረሻም ስለ ጊዜና ስለ ዕቃ። ምዝገባ ሲቃረብ ተማሪው በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ፣ በአካባቢው ፋብሪካዎችና በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራውም ሕዝብ ቤት የሚፈልገው እዚያው ስለሆነ፣ ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት ቀድመው መጥተው ከዘመዶችዎ ዘንድ ሆነው ይፈልጉ። ፍራሽ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የመጻሕፍት መደርደሪያ አዲስ አይግዙ፤ ተመርቀው የሚወጡት ልጆች የሚሸጡትን ዝርዝር የሚለጥፉት ይህ መልስ በሚወጣበት በእኛው ቡድን ውስጥ ነው፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይወጣል። ከደሴ ሲመጡ ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዙ፤ ሜዳው ነፋሻ ስለሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል።