ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አውጡት፦ የግሪልና የሂተር ጋዝ ጥያቄና መልስ

ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። ስድብ ያለባቸውን ስድቡን አውጥቼ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልኝ አባት ተቆጥተዋል። ሱፐርማርኬት በር ላይ ካለው የብረት ሳጥን ባዶውን ሰጥተው ሙሉውን ይወስዳሉ። ድሮ አንድ ሲሊንደር ሰመሩን ይዘልቃቸው ነበር። ዘንድሮ በልጃቸው ምርቃት ቀን እንግዳ ተቀምጦ፣ ጎድኑ ግማሽ ጥሬ እንደሆነ ጋዙ ጥርግ አለ። "ውሃ እየቀላቀሉበት ነው ወይ?" ይላሉ።

መልስ፦ ውሃ አልቀላቀሉም። ከመጀመሪያውም አልሞሉትም። "ባለ 20 ፓውንድ" የሚባለው የሲሊንደሩ አቅም እንጂ ውስጡ ያለው ጋዝ አይደለም። ከሳጥኑ የሚወጡት በአብዛኛው 15 ፓውንድ ነው የያዙት። መጠኑ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ በትንንሹ። ደግሶ የሚሯሯጥ ሰው ደግሞ ትንንሽ ጽሑፍ አያነብም።

ድሮ ይበረክት ነበር ያሉት የእርጅና ወሬ አይደለም። በፈረንጆቹ 2008 ብሉ ራይኖ እና አሜሪጋዝ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ አከፋፋዮች የሚሞሉትን ጋዝ ከ17 ወደ 15 ፓውንድ አወረዱት። ዋጋው ግን አልወረደም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን "ተመካክራችሁ ነው ያደረጋችሁት" ብሎ በ2014 ከሰሳቸው። ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። የጎደለው 2 ፓውንድ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ የሲሊንደሩን ዋጋ አይጠይቁ። የፓውንዱን ይጠይቁ። መለወጫው 24 ዶላር ነው እንበል። ለ15 ሲካፈል አንዱ ፓውንድ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። አሁን ደግሞ የራስዎን ሲሊንደር ይዘው እንደ ዩሆል ያለ የሚሞላ ቦታ ይሂዱ። ጋሎኑ 4 ዶላር ነው እንበል። አንድ ጋሎን ፕሮፔን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው) 4.2 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ፓውንዱ 95 ሳንቲም ገደማ ሆነ ማለት ነው። 20 ፓውንድ ሙሉ፣ ከ20 ዶላር በታች። ያንተ ሰፈር ዋጋው ሌላ ነው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ቁጥሩን ቀይራችሁ አካፍሉት።

ሌላም ኪሳራ አለ። ባዶ ነው ብለው የሚመልሱት ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። ታች የቀረውን 2 ወይም 3 ፓውንድ ከፍለውበታል፤ ለሳጥኑ መርቀውለት ይመጣሉ። ሲያስሞሉ ግን የጎደለውን ብቻ ነው የሚከፍሉት። እሱም ቢሆን ሁሉም ቦታ አይደለም። አንዳንዱ ሞላም ጎደለም አንድ ዋጋ ያስከፍላል። ገና ከመኪና ሳይወርዱ "በጋሎን ነው ወይስ በሲሊንደር?" ብለው ይጠይቁ።

ቀሪውን ለማወቅ የመታጠቢያ ቤቷ ሚዛን ትበቃለች። ያቺ ከፋሲካ በኋላ ማንም የማይወጣባት። ሲሊንደሩ አንገት ላይ "ቲ" እና "ደብልዩ" በሚሉት ፊደላት አጠገብ ቁጥር ተቀርጿል፣ አብዛኛውን ጊዜ 17 ገደማ። የባዶው ብረት ክብደት ነው። ሚዛኑ 32 ካለ ውስጡ 15 ፓውንድ አለ። 37 ካለ ሙሉ ነው። 20 ካለ ድግስ አይጥሩበት።

መለወጫውን ጨርሶ አልነቅፍም፤ ለአንድ ነገር ይጠቅማል። እዚያው አንገቱ ላይ ወርና ዓመት አለ። ከዚያ ቀን 12 ዓመት ያለፈውን ሲሊንደር ዳግም ካልተመረመረ በቀር የሚሞላልዎት የለም። ሳጥኑ ግን ይቀበለዋል። ያረጀውን አንዴ ለውጠው አዲስ ዓመት ያለበትን መርጠው ይውሰዱ። ከዚያ በኋላ ማስሞላት ነው። አንባቢዬ፣ ይህን ያህል የጻፍኩት ለምርቃቱ ስለተቃጠልኩ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት።

ጥያቄ፦ በጋዝ የተጠበሰ ሥጋ ጋዝ ጋዝ ይላል ወይ?

መልስ፦ አይልም። ፕሮፔን ራሱ ሽታ የለውም። የሚሸተን ሲያፈስ እንድናውቅ የጨመሩበት ነገር ነው፣ እሱም አብሮ ይቃጠላል። ከሸተተህ ሥጋውን ትተህ ቧንቧውን በሳሙና አረፋ ፈትሽ።

ጥያቄ፦ አንዲት እህት ግሪሏ አዲስ፣ ሲሊንደሩም ሙሉ ነው። እሳቱ ግን እንደ ጧፍ ነው፤ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ባለቤቷ "የተጭበረበረ ጋዝ ነው" ብሎ ሊያስመልስ ተነስቷል።

መልስ፦ ባለቤትሽን አስቀምጪው። የግሪሉን ቁልፎች ከፍታችሁ ከዚያ ሲሊንደሩን በኃይል ነው የከፈታችሁት። ሬጉሌተሩ፣ የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ዕቃ፣ ቧንቧ የተቀደደ መስሎት ጋዙን ያንቀዋል። ሁሉንም ዝጊ፣ ቧንቧውን ከሲሊንደሩ ንቀዪው፣ ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ እሰሪው። የግሪሉ ቁልፎች ዝግ እንደሆኑ ሲሊንደሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ከዚያ ለኩሺ። ካልሠራ ሬጉሌተሩን ለውጡ።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ። አፓርታማ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ትልቁን ሲሊንደር ማስቀመጥ ይቻላል? ጎረቤቷ ያስቀምጣል።

መልስ፦ አይቻልም። በብዙ ስቴቶች የሚሠራበት የእሳት አደጋ ሕግ ለአፓርታማ በረንዳ ከ1 ፓውንዷ ትንሽ ሲሊንደር በላይ አይፈቅድም። የጎረቤትሽ ጉዳይ የጎረቤትሽ ነው። የኪራይ ውልሽንም አንብቢ።

ጥያቄ፦ እነዚያን አረንጓዴ የ1 ፓውንድ ጠርሙሶች ከትልቁ ሲሊንደር የሚሞላ ማገናኛ ኢንተርኔት ላይ አይቷል። ያዋጣል?

መልስ፦ ትንሿ በፓውንድ ስትሰላ ከትልቁ በብዙ እጥፍ ትወደዳለች፣ እሱ እውነት ነው። ግን አንዴ ተጠቅመው እንዲጥሏት የተሠራች ናት። ሞልቶ በመኪና መጫን በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ቅጣቱ ጠርሙሷ ላይ ተጽፏል፦ እስከ 500,000 ዶላርና 5 ዓመት እስራት። ለስንት ዶላር ቁጠባ?

ጥያቄ፦ ባለፈው ጥር ለቅሶ የነበረባቸው ቤተሰብ ናቸው። ቤቱ ስለማይበቃ ጋራዡን አጽድተው ወንበር ደረደሩ። አንድ ወዳጅ ያንን እንደ ጃንጥላ ያለ የበረንዳ ሂተር አምጥቶ መሃል ላይ አቆመው። በሁለት ቀን ሦስት ሲሊንደር በላ። ለተዝካሩ ደግሞ ሊያመጡት ነው። ወጪው እንዴት ይቀንሳል?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ሂሳቡን ልመልስ። እንዲህ ያለ ሂተር ሙሉ ሲከፈት በሰዓት 40,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ያቃጥላል። የአንድ ፓውንድ ፕሮፔን ሙቀት 21,500 ነው። 15 ፓውንድ የያዘው ሲሊንደር 8 ሰዓት፣ ሙሉው 20 ፓውንድ ደግሞ ወደ 11 ሰዓት ይሄዳል። ሦስት ሲሊንደር ምንም አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው። ሂተሩን ወደ ጋራዥ አታስገቡት። "በሩን ከፈት አድርገነዋል" አትበሉኝ። ለውጭ የተሠራ ነው። አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። እሱ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። አገር ቤት ከሰል አፍኖት ስለሞተ ሰው ሰምታችኋል፤ ያው ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ለቅሶ መሆኑ ነው። መርዙ የሚጀምረው በራስ ምታት፣ በማዞርና በማቅለሽለሽ ነው። ለቅሶ ቤት ራሱን ያላመመው ማን አለ? "ስታለቅስ አድራ ነው፣ እህል አልቀመሰችም" ይባልና ውሃ ተሰጥቷት እዚያው ሙቀቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ካመመው ለቅሶው አይደለም። ሁሉንም አስወጡ፣ 911 ደውሉ። ወደ ውስጥ አትመለሱ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ "ጋራዥ ውስጥ ጋዝ ይነድ ነበር" ብላችሁ ተናገሩ። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ይህን መርዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ደህና ናችሁ ሊላችሁ ይችላል። የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው። ሌላ ቦታ "ባለሙያ ጠይቁ" የምለው ለወጉ ነው። እዚህ ግን እለምናችኋለሁ።

ለተዝካሩ ድንኳን አከራዮችን ጠይቁ። ማሞቂያው ውጭ ቆሞ ሙቁን አየር በቱቦ የሚያስገባ አላቸው። ወጪውም ለዘመድ ሲከፋፈል ይቀላል። ጋራዡ የግድ ከሆነ በኤሌክትሪክ አሙቁት፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ።

ጥያቄ፦ ፊላደልፊያ ላሉ እህቱ ክርስትና ግሪልና ሙሉ ሲሊንደር ጭኖ በ95 አውራ ጎዳና ሊሄድ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ባልቲሞር ላይ አለው። በ95ም በ895ም ዋሻ ውስጥ ነው የምታልፈው፣ ሁለቱም ከ10 ፓውንድ በላይ ሲሊንደር አያሳልፉም። ድሮ ማምለጫው ኪ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ነበር፤ በ2024 መርከብ ጣለው። በ695 በምዕራብ በኩል ዙር። ወይም ግሪሉን ብቻ ይዘህ ጋዙን እዚያው ግዛ።

ጥያቄ፦ ለአዲስ አበባ ወንድሟ ግሪል ከነሬጉሌተሩ ልትልክ ነው።

መልስ፦ የእዚህ ሬጉሌተር እዚያ ያለው ሲሊንደር ላይ አይገጥምም። ወንድምሽ እዚያው የጋዝ ዕቃ የሚሠራ ሰው ያነጋግር። ያገለገለ ሲሊንደር ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ፣ ባዶም ቢሆን።